ከባት እስከ አንጎል

በአዲስ አበባ ዳር፣ ፉሪ ላይ፣ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ውሻ ሳያጋጥመው አይውልም። ገና እየተሠራ ያለ ቤት ለመጠበቅ የታሰረ አለ፤ ሌሊት ተፈቶ ጠዋት ሳይታሰር የቀረ አለ፤ ሥጋ ቤት በር ላይ አጥንት የሚጠብቅ፣ ቆሻሻ ገንዳ ሥር ተጋድሞ የሚውል፣ ባለቤት ይኑረው አይኑረው የማይታወቅም አለ። ከተማው ወደ ፉሪ ተራራ በተጠጋ ቁጥር አጥሩም ውሻውም በዝቷል። ከእነዚህ ውሾች አንዱ፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ጠባዩ የተለወጠ፣ የአንድ ልጅ ባት ነከሰ እንበል። ቁስሉ ትንሽ ነው፤ ጥቂት የጥርስ ቀዳዳ፣ ጥቂት ደም። ልጁን የሚያስጨንቀው ሱሪው መቀደዱና እናቱ መቆጣቷ እንጂ ሕመሙ አይደለም።

በዚያ ቀዳዳ ከልሃጩ ጋር ምን ገባ? ቫይረስ ወደ ሕዋስ እንዴት እንደሚገባና እንዴት እንደሚራባ ለማስረዳት ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው ኢንፍሉዌንዛ ወይም ኮሮና ነው። እኔ የእብድ ውሻ በሽታን የመረጥሁት በመጀመሪያ የራሳችን ችግር ስለሆነ ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ከዚህ ውስጥ የኢትዮጵያ ድርሻ ወደ 2,700 ይጠጋል። በዓለም ደረጃ ከ100 ሟቾች 40ዎቹ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ደግሞም ይህ ቫይረስ ዘገምተኛ ነው። ጉንፋን በአንድ ሁለት ቀን የሚያጠናቅቀውን እሱ በሳምንታትና በወራት ስለሚሠራው እያንዳንዱን እርምጃ ለይቶ መከተል ይቻላል። በየትኛው እርምጃ ላይ ልናቆመው እንደምንችል፣ ከየትኛው በኋላ እንደሚያመልጠን የምናውቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቫይረሱ የጥይት ቅርጽ አለው። ርዝመቱ 180 ናኖ ሜትር፣ ውፍረቱ 75 ናኖ ሜትር ያህል ነው፤ በአንድ ሚሊ ሜትር ላይ ከ5,000 በላይ በቁመት ይደረደራሉ። ውጩ የስብ ሽፋን ነው። ይህን ስብ ራሱ አልሠራውም፤ ቀድሞ ከነበረበት ሕዋስ ሲወጣ ቆርሶ የለበሰው ነው። በስቡ ላይ ሳይንቲስቶች በአጭሩ «ጂ» የሚሉት ፕሮቲን እንደ እሾህ ተተክሏል። ውስጡ በፕሮቲን የተጠቀለለ አንድ የአር ኤን ኤ ክር አለ፤ በክሩ ላይ 12,000 ያህል የዘር ፊደላት፣ ከነዚያም አምስት ጂኖች ብቻ አሉ። የሰው ልጅ የዘር መዝገብ 3 ቢሊዮን ፊደላት እንዳሉት ሲታሰብ ይህ ከምንም አይቆጠርም። ምግብ አይፈጭም፣ ኃይል አያመነጭም፣ ፕሮቲን የሚገጣጥምበት ራይቦዞም የለውም። የሚራባው የሌላውን መሣሪያ ካገኘ ብቻ ነው፤ ሕዋስ ካጣ ይፈርሳል።

ያገኘው ሕዋስ ውስጥ ሁሉ ግን አይገባም። ሕዋሳት በሽፋናቸው ላይ ለራሳቸው ሥራ የሚያስፈልጓቸው ፕሮቲኖች አሏቸው፤ መልእክት የሚቀበሉ፣ ከጎረቤት ሕዋስ ጋር የሚያያይዙ፣ ንጥረ ነገር የሚያስገቡ። ቫይረስ ከነዚህ በአንዱ ላይ መለጠፍ አለበት። ኤች አይ ቪ የሚለጠፈው በአንዳንድ ነጭ የደም ሕዋሳት ላይ ባለው ሲዲ4 ላይ ነው፤ ስለዚህ የሚያዳክመው የመከላከያ ኃይላችንን ነው። የኮቪድ-19 ቫይረስ ኤሲኢ2 በተባለው ላይ ይለጠፋል፤ እሱም በአፍንጫና በሳንባ ሕዋሳት ላይ ይገኛል። አንድ በሽታ ለምን ሳንባን፣ ሌላው ለምን ጉበትን እንደሚይዝ ስንጠይቅ ከመልሱ ብዙው ክፍል የሚገኘው ቫይረሱ በተለጠፈበት ፕሮቲን ላይ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ የሚፈልገው ነርቭን ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ቶማስ ሌንትዝ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ቫይረሱን ከጡንቻ ጋር አገናኝቶ የት እንደሚሰበሰብ አየ። የተሰበሰበው ነርቭ ከጡንቻ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነበር። ነርቭ ጡንቻን «ተኮማተር» ብሎ የሚያዘው አሴቲልኮሊን በተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ የዚህ ንጥረ ነገር ተቀባይ ፕሮቲኖችም እዚያ ቦታ ላይ ታጭቀው ይገኛሉ። ይህን ተቀባይ የሚይዝ የእባብ መርዝ ቀድሞ ሲጨመር ግን የሚለጠፈው ቫይረስ ቀነሰ። እነሌንትዝ ቀጥለው የ«ጂ» ፕሮቲንን ቅንብር ሲመረምሩ ከፕሮቲኑ አንዱ ቁራጭ ነርቭ የሚያደነዝዘውን የእባብ መርዝ እንደሚመስል አገኙ። እባቡና ቫይረሱ ምንም ዝምድና የላቸውም፤ ሁለቱም ያነጣጠሩት ግን በዚያው ተቀባይ ላይ ነው። በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1998፣ ቫይረሱ በነርቭ ሕዋሳት ላይ የሚለጠፍባቸው ሌሎች ሁለት ፕሮቲኖች ታወቁ። አንዱ ፒ75 ይባላል፤ እንመለስበታለን።

በልጁ ባት ውስጥ እንግዲህ ቫይረሱ ነርቭ ጫፍ እስኪያገኝ ድረስ ጡንቻው ውስጥ ይቆያል። አንዳንዴ ቆይታው አጭር ነው፤ አንዳንዴ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። በሽታው ከንክሻ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ የሚነሳው፣ አንዳንዴ በሳምንት፣ አንዳንዴ በዓመት የሚነሳው ለዚህ ነው። ንክሻው ፊት ወይም እጅ ላይ ከሆነ ነርቩ ብዙ፣ ወደ አንጎል ያለው መንገድም አጭር ስለሆነ ጊዜው ያጥራል። ትንንሽ ልጆች ቁመታቸው ከውሻው አፍ ጋር እኩል በመሆኑ ብዙ ጊዜ የሚነከሱት ፊታቸውንና አንገታቸውን ነው፤ ይህን ወላጅ ሁሉ ቢያውቀው እወዳለሁ።

ይህ ቆይታ ለሰው የተሰጠ ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያው መሣሪያም ሳሙና ነው። የቫይረሱ ሽፋን ስብ መሆኑን አይተናል፤ ሳሙና ስብ ያፈርሳል። ሽፋኑ ሲፈርስ ጂ የቆመበትን ያጣል፤ ጂ ከሌለ ውስጡ ያለው ክር ወደ የትም መግባት አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት ቁስሉ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ የሚለው ለዚህ ነው። ይህ ከሚታሰበው በላይ ረጅም ጊዜ ነው፤ ሰው ብዙውን ጊዜ ደሙ እንደቆመ ማጠቡንም ያቆማል። ቧንቧ ውሃ በጠፋበት ቀን በጀሪካን ያለውን ቀስ እያሉ በማፍሰስ፣ በልብስ ሳሙናም ቢሆን፣ የእያንዳንዱን ጥርስ ቀዳዳ ውስጡን ማጠብ ያስፈልጋል። ቁስሉ ላይ ቡና መነስነስ ወይም ቅጠል መለጠፍ ይህን ሥራ አይሠራም።

ሳሙና ያልደረሰበት ቫይረስ ነርቭ ጫፍ ላይ ተለጠፈ እንበል። ቀጥሎ የሚሆነው የሚያስደንቅ ነው፤ ሕዋሱ ራሱ ይውጠዋል። ሕዋሳት ከውጭ የሚፈልጉትን የሚያስገቡት ሽፋናቸውን ወደ ውስጥ በማጎድጎድና ትንሽ ከረጢት አድርገው በመቁረጥ ነው። ተቀባዩ ላይ አንድ ነገር ከተለጠፈ ሕዋሱ ምን እንደሆነ ሳይለይ ከረጢቱን ይሠራል። ቫይረሱ ጥሶ አልገባም፤ በዘወትሩ አሠራር ተወሰደ።

ከረጢቱ ግን ያለው ነርቩ ጫፍ ላይ ነው፤ ፕሮቲን የሚሠራው ዋናው የሕዋሱ አካል ደግሞ ሩቅ፣ ጀርባ ላይ ሕብለ ሰረሰሩ ውስጥ ነው። የነርቭ ሕዋስ ከሌሎች የሚለየው በዚህ ነው፤ አንዱ ሕዋስ ብቻውን ከወገብ እስከ እግር የሚዘረጋ ክንድ አለው። ስለዚህ ነርቭ በውስጡ የራሱን ማጓጓዣ ዘርግቷል። ፉሪ–ለቡ ጣቢያ ላይ ቆሞ ወደ ጅቡቲ የሚሄደውን ሐዲድ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ በነርቩ ውስጥ ቀጥ ብለው የተዘረጉ የፕሮቲን ቱቦዎች አሉ፣ በላያቸው ላይ ጭነት እየጎተቱ የሚራመዱ ፕሮቲኖች አሉ፣ አንዱ ዓይነት ወደ ጫፍ ብቻ ሌላው ወደ ሕዋሱ አካል ብቻ ይጓዛል። ወደ ሕዋሱ አካል የሚጓዘው ዳይኒን ይባላል። ሥራው ከነርቩ ጫፍ ወሬና ንጥረ ነገር ማምጣት ነው፤ ቫይረሱ ያለበትን ከረጢትም እንደማናቸውም ጭነት ይጎትተዋል። ፍጥነቱ በቀን ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ከባት እስከ ሕብለ ሰረሰር ያለው ርቀት በልጅ ቁመት ግማሽ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ አንዴ ነርቭ ውስጥ ከገባ በኋላ መንገዱ ከ5 እስከ 10 ቀን ቢፈጅ ነው። ልጁ በዚህ ጊዜ ኳስ እየተጫወተ ነው፤ ቁስሉም ድኗል።

የሕዋሱ አካል አጠገብ ከረጢቱ እየኮመጠጠ ይሄዳል። ይህም የሕዋሱ የዘወትር ሥራ ነው፤ የዋጠውን የሚፈጨው በአሲድ ነው። ጂ ይህን ምልክት ይጠብቃል። የአሲድ መለኪያው ወደ 6.3 ሲወርድ ፕሮቲኑ ቅርጹን ይለውጣል፤ ተጣጥፎ የነበረው ጫፉ ይወጣና የከረጢቱ ሽፋን ውስጥ ይሰካል፣ ከዚያ ታጥፎ የቫይረሱን ስብና የከረጢቱን ስብ ያቀራርባል። ሁለቱ ስቦች አንድ ይሆናሉ፤ ቀዳዳ ይከፈትና የተጠቀለለው ክር ወደ ሕዋሱ ውስጥ ይፈስሳል። ቫይረስ ገባ የሚባለው አሁን ነው።

ክሩ ሕዋሱ ውስጥ ቢገባም ወዲያው አይነበብም። የሕዋሱ ራይቦዞሞች የሚያነቡት በአንድ አቅጣጫ የተጻፈ አር ኤን ኤ ነው፤ የዚህ ቫይረስ ክር ግን የዚያ ግልባጭ ነው። ግልባጩን ወደሚነበበው የሚቀይር መሣሪያ የእኛ ሕዋሳት የላቸውም። ስለዚህ ቫይረሱ «ኤል» የሚባለውን ፕሮቲን ከረዳቱ ጋር ይዞ ይመጣል። ኤል ከክሩ አንድ ጫፍ ይጀምርና አምስቱን ጂኖች በተራ ይገለብጣል፤ በእያንዳንዱ ጂን መጨረሻ ላይ ግን አንዳንዱ ኤል ሥራውን ትቶ ይወድቃል። መጀመሪያ ላይ ያለው ጂን ስለዚህ በብዛት ይገለበጣል፣ የመጨረሻው በጥቂቱ። የጂኖቹ ተራ ደግሞ ከሚያስፈልገው መጠን ጋር ልክክ ያለ ነው። ፊተኛው ክሩን የሚጠቀልለው ፕሮቲን ነው፤ ለአንድ ቫይረስ ከ1,000 በላይ ያስፈልጋል። የመጨረሻው ራሱ ኤል ነው፤ ጥቂት አሥሮች ይበቃሉ። በአምስት ጂን ብቻ የሚኖር ነገር መጠን የሚቆጣጠርበት ሌላ መንገድ ስላጣ በተራ ቁጥር ተቆጣጠረው። ይህን ባሰብሁት ቁጥር መገረሜ አይቀርም።

ራይቦዞሞቻችን ከዚያ በኋላ ያለማቅማማት ይሠራሉ። የቫይረሱ ፕሮቲን ሲበዛ ኤል ሥራውን ይቀይራል፤ ጂን በጂን መገልበጡን ትቶ ክሩን ከዳር እስከ ዳር ይገለብጣል፣ ከዚያም ግልባጭ ላይ አዳዲስ ክሮችን ያመርታል። ይህ የሚሆነው በሕዋሱ ውስጥ ቫይረሱ በሚያቋቁማቸው ጠብታ መሰል ማምረቻዎች ነው። እነዚህን ጠብታዎች በማይክሮስኮፕ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተዋለው አደልኪ ኔግሪ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1903 በፓቪያ። ጥገኛ ተሕዋስያን መስለውት ነበር። በዚያው ዓመት ፖል ሬምሊንጀር በቁስጥንጥንያ የበሽታው መንስኤ ባክቴሪያ የማያሳልፈውን ማጣሪያ እንደሚያልፍ አሳየ። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ደግሞ በእኛዋ አዲስ አበባ፣ ከተማዋ ገና ወጣት ሳለች፣ የእብድ ውሻ በሽታ ወረርሽኝ ተነስቶ ተመዘገበ። የኔግሪ ጠብታዎች ምን እንደሆኑ በትክክል ለመረዳት ግን መቶ ዓመት አለፈ፤ ፈሳሽ ጠብታ መሆናቸውና ቫይረሱ የሚባዛውም እዚያ መሆኑ በደንብ የተገለጸው በዚህ በእኛ ክፍለ ዘመን ነው።

አዲሶቹ ቫይረሶች በሕዋሱ ሽፋን ሥር ተሰብስበው፣ ስቡን ለብሰው፣ «ጂ»ን ተክለው ይወጣሉ። የሚወጡት ነርቭ ከነርቭ በሚገናኝበት ቦታ ነው፤ ቀጣዩ ነርቭ ይውጣቸዋል፣ ያው ሥራ ይደገማል። ሕብለ ሰረሰር፣ ከዚያ አንጎል። ብዙ ቫይረሶች የተራቡበትን ሕዋስ ይገድላሉ፤ ይህኛው በሚያስገርም ሁኔታ ነርቩን ይጠብቀዋል። ነርቭ ከሞተ መንገዱ ይቋረጣልና። በዚህ በሽታ የሞተ ሰው አንጎል በዓይን ሲታይ ብዙ የተጎዳ አይመስልም፤ ሥራው ግን ተናግቷል። የመከላከያ ኃይላችንም ነርቭ ውስጥ የተደበቀውን አያየውም፤ ከአምስቱ የቫይረሱ ፕሮቲኖች አንዱ ሕዋሱ የሚያሰማውን የአደጋ ጥሪ ያፍናል።

አንጎል ላይ ከበዛ በኋላ ቫይረሱ በነርቮች በኩል ወደ ውጭ ይመለሳል፤ ዋናው መድረሻው የምራቅ ዕጢ ነው። ውሻው የሚለሃጨው፣ ያገኘውን የሚነክሰው በዚህ ጊዜ ነው። የታመመ ሰው ውሃ ሲቀርብለት ጉሮሮው የሚቆለፈውም በዚህ ጊዜ ነው፤ ይህን በዓይኑ ያየ አይረሳውም። ምልክቱ ከታየ በኋላ ፈዋሽ መድኃኒት የለም፤ በዓለም ላይ የተረፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ውሻው ላይም ቫይረሱ ልሃጭ ውስጥ የሚደርሰው ከመሞቱ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ስለሆነ፣ የነከሰ ውሻ ታስሮ ለ10 ቀን ይጠበቃል። በዚህ ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ቀን ልሃጩ ውስጥ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው፤ የልጁ ክትባትም ሊቋረጥ ይችላል። ክትባቱ ግን በተነከሰበት ቀን ይጀመራል እንጂ 10 ቀኑ እስኪያልቅ አይጠበቅም። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ክትባት የሚሠራው «ጂ»ን ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ሰውነታችን እንዲያመርት በማድረግ ነው። ፀረ እንግዳ አካሉ ጂ ላይ ከተለጠፈ ጂ ነርቩ ላይ አይለጠፍም። ቫይረሱ ገና ጡንቻ ውስጥ ሳለ ይህ ይበቃል፤ ነርቭ ውስጥ ከገባ ግን ፀረ እንግዳ አካሉ በቀላሉ አያገኘውም። ቁስሉ ከባድ ሲሆን ሰውነት የራሱን እስኪያመርት ድረስ ዝግጁ የሆነ ፀረ እንግዳ አካል ቁስሉ ውስጥና ዙሪያውን ይወጋል። ሁሉም ነገር የሚደረገው ያ ከረጢት ከመሠራቱ በፊት ለመድረስ ነው።

ክትባቱን ለመሥራትም ሕዋስ ያስፈልጋል፤ ቫይረስ በሥጋ መረቅ አይራባም። እ.ኤ.አ. በ1885 ሉዊ ፓስተር ጆሴፍ ማይስተር የተባለውን ልጅ ያስወጋው ከጥንቸል ሕብለ ሰረሰር ባዘጋጀው ክትባት ነበር። ጉለሌ ውስጥ ሰው እስከ ዛሬ «ፓስተር» በሚለው፣ አሁን የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በሆነው ተቋም ደግሞ ለአሥርት ዓመታት ክትባት የተሠራው ከበግ አንጎል ነው። የአዲስ አበባ አዛውንቶች ሆድ ላይ ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ የሚወጋውን መርፌ ያስታውሱታል። ያ ክትባት ብዙ ሕይወት አትርፏል፤ ነገር ግን የአንጎል ቁራጭ ስለነበረበት በአንዳንዱ ሰው ላይ የራሱን ነርቭ የሚያጠቃ ችግር ያስከትል ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንዲቀር ከመከረ በኋላም አገራችን ለረጅም ጊዜ ተጠቅማበታለች። አሁን የሚመረጠው በላቦራቶሪ ሕዋሳት ላይ የሚመረት ክትባት ነው፤ ብዙ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1962 ከአፍሪካ ጦጣ ኩላሊት ተወስደው እስከ ዛሬ በሚራቡ ሕዋሳት ላይ። ክንድ ላይ ጥቂት ጊዜ ይወጋል፣ አለቀ።

ስለ ባህል መድኃኒት ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ከሥር የተቀመመ መጠጥ ጠጥቶ፣ ወይም ጸበል ተጠምቆ ያልታመመ ሰው እንዳለ ሁላችንም ሰምተናል፤ የሚናገሩትም ውሸታሞች አይደሉም። ነገር ግን ከነከሱት ውሾች ብዙዎቹ ቫይረሱ የለባቸውም፤ ቫይረሱ ያለበት ውሻ የነከሰውም ሁሉ አይታመምም፤ ሱሪው ልሃጩን ይጠርገዋል፣ ቫይረሱ ነርቭ ሳያገኝ ይፈርሳል። መጠጡን ጠጥቶ የዳነው ባይጠጣም ይድን እንደነበር ማንም አይነግረውም፤ ጠጥቶ የሞተው ደግሞ አይናገርም። በጸበል የሚያምን ሰው ጸበሉን ይጠመቅ፤ መርፌውን ተወግቶ ይሂድ እንጂ መርፌውን ትቶ አይሂድ። ልመናዬ ነው።

የበሽታው ምንጭ ላይ ለመድረስ መከተብ ያለበት ግን ውሻው ነው። ሰው ላይ ከሚደርሰው ከ100ው 99 ያህሉ የሚመጣው ከውሻ ሲሆን፣ በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 ከመቶው ከተከተቡ ቫይረሱ ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍበት ሰንሰለት ይበጠሳል። ውሻ መግደል ይህን አያመጣም፤ በሞተው ቦታ ያልተከተበ ሌላ ይመጣል። ፉሪ ላይ በየግቢው የታሰረው ውሻ ባለቤት ያለው ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ማስከተብ ለባለቤቱ የሚከብድ አይመስለኝም።

ያልተከተበ የእረኛ ውሻ ምን እንደሚያደርስ ባሌ ላይ ታይቷል። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡት ቀይ ቀበሮዎች፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኙት፣ እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992፣ ከዚያም በ2003፣ በ2008 እና በ2014 በዚህ ቫይረስ በብዛት ሞተዋል፤ በአንዳንድ ሸለቆ ከአራቱ ሦስቱ። ቀበሮ ይዞ መውጋት አድካሚ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ክትባቱ በፍየል ሥጋ ተሸፍኖ ሌሊት በየሜዳው ይጣልላቸዋል፤ ሲነክሱት ከረጢቱ ይፈነዳና አፋቸው ውስጥ ይፈስሳል። በውስጡ ያለው የሞተ ቫይረስ አይደለም፤ በሕይወት ያለ፣ የሚራባ ነው። የተለወጠው ጂ ላይ ያለ አንድ ቦታ ነው፤ በፕሮቲኑ ሰንሰለት 333ኛው ላይ አርጂኒን የሚባለው አሚኖ አሲድ ነበር፣ እሱ በሌላ ተተክቷል። ያ ቦታ ሲለወጥ ጂ ከላይ ያነሳነውን ፒ75ን መያዝ አይችልም። ቫይረሱ በቀበሮዋ አፍና ጉሮሮ ሕዋሳት ውስጥ ጥቂት ይራባል፣ መከላከያዋን ይቀሰቅሳል፤ ወደ አንጎሏ የሚወስደው ነርቭ ግን አይቀበለውም።